ዘፈኑን የገዛው ማን ነው?

ዛሬ የመጣሁት ስለ ገንዘብ ላወራ ነው። ሙዚቃና ገንዘብን አንድ ላይ ማንሳት በእኛ ዘንድ ትንሽ ያሳፍራል። ዘፋኝ ሲጠየቅ «ሁሉም ለሙያው ፍቅር ነው» እንዲል እንጠብቃለን፤ ታሞ የሚያሳክመው ሲያጣ ደግሞ በቴሌቪዥን መዋጮ እናሰባስብለታለን። እኔ የማነሳው መዋጮውን ሳይሆን ከመዋጮው በፊት ያለውን ሒሳብ ነው። አንድ ሰው ዘፈኑን በኢንተርኔት ሱቅ ሲሸጥ፣ ገዢው ከከፈለው ውስጥ ስንቱ እጁ ይገባል? ቀሪውስ የት ይቀራል? የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።

ራሱን የቻለ ሙዚቀኛ ስል የስቱዲዮውን፣ የአቀናባሪውንና የሚክሲንጉን ወጪ ከኪሱ ወይም ከእህቱ ኪስ የከፈለ፣ በዚህም ምክንያት ማስተሩ፣ ማለትም የተጠናቀቀው ዋና ቅጂ፣ የራሱ የሆነ ሰው ማለቴ ነው። ታዋቂ ይሁን አይሁን ለዛሬው ጉዳያችን ለውጥ አያመጣም።

በካሴት ዘመን እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አልነበረም። ድምፃዊው ሥራውን ይዞ ሙዚቃ ቤት ይሄዳል፣ ይደራደራል፣ ቁርጥ ዋጋውን ተቀብሎ ይወጣል። ካሴቱ ሺህም ይሸጥ መቶ ሺህ፣ የእሱ ሒሳብ እዚያው ተዘግቷል። ሙዚቃ ቤቶቹን ለመክሰስ አይደለም፤ ካሴቱ መደርደሪያ ላይ ቢቀር ኪሳራውን የሚውጡት እነሱ ነበሩ፣ ቢሸጥ ደግሞ እየቀዳ የሚቸበችበው ሰው በየመንገዱ ነበር። ከዚያ በፊትማ ነገሩ የባሰ ነው። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠበት ጊዜ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ ያንን ተዳፍረው የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሕንድ አገር አሳትመው አስመጡ። (ወንድማማቾች አይደሉም፤ የአባት ስም ገጥሟቸው ነው።) እስከ 1975 ድረስም መቶ ያህል ነጠላ ሸክላ አወጡ። ዛሬ በየጓዳችን የምንኮራበት የዚያ ዘመን ሙዚቃ ብዙው የተረፈልን አንድ ሰው የተዘጋ በር ስለ ገፉ ነው።

የኢንተርኔት ሱቅ ታሪክም የሚጀምረው ከተዘጋ በር ነው፤ አገሩ ግን አሜሪካ ነው። በ1997 በኒውዮርክ ግዛት፣ ዉድስቶክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ዴሪክ ሲቨርስ የሚባል ሙዚቀኛ ሲዲ አሳትሞ የሚሸጥበት አጣ። ትልልቆቹ የኢንተርኔት መደብሮች በአከፋፋይ በኩል ካልመጣህ አንቀበልም አሉት። አከፋፋዮቹ ደግሞ ስሙ ላልተሰማ ሰው ፊት አይሰጡም። እንግዲያው ራሴው እሸጣለሁ ብሎ ተነሳ። ያኔ ፔይፓል የሚባል ነገር የለም። በኢንተርኔት ክሬዲት ካርድ ለመቀበል ከባንክ ጋር ውል መግባት ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ሺህ ዶላር ያህልና ሦስት ወር የወረቀት ሥራ ፈጀበት። ባንኩ «እውነት ነጋዴ ነው ወይ?» ብሎ ቤቱ ድረስ መርማሪ ልኮበታል። ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለው ድረ ገጹ ላይ ለተቀመጠች አንዲት «ይግዙ» የምትል ቁልፍ ነው።

ጓደኞቹ ይህን ሲያዩ «የእኛንም ሽጥልን» አሉት። ሲቨርስ ንግድ አልተማረም፤ ስንት ማስከፈል እንዳለበት አያውቅም። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ ሙዚቃ ቤት ሄደ። የአካባቢው ልጆች ሲዲ ባንኮኒው ላይ ተደርድሯል። ሻጯን አሠራራችሁ እንዴት ነው ብሎ ጠየቃት። ዋጋውን የምትቆርጠው አንተ ነህ፣ እኛ ከእያንዳንዱ ሲዲ 4 ዶላር እንይዛለን፣ በየሳምንቱ እንከፍልሃለን አለችው። ቤቱ ተመልሶ ይህንኑ ድረ ገጹ ላይ ጻፈው። አንድ አልበም መዝግቦ ለሽያጭ ለማቅረብ 45 ደቂቃ ያህል ይወስድበት ስለ ነበር የመመዝገቢያ 25 ዶላር ጨመረበት፤ ጥቂት ቆይቶም 35 አደረገው። በ1998 ሲዲ ቤቢ ተብሎ የተከፈተው ሱቅ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው የቆመው። ሲዲውን በ15 ዶላር የሸጠ ሙዚቀኛ 11 ዶላሩ የእሱ ነው። በጊዜው በትልልቅ ኩባንያዎች ውል ከአንድ ሲዲ አንድና ሁለት ዶላር መድረስ እንደ ዕድል ይቆጠር ነበር፣ ያውም ኩባንያው ያወጣው ወጪ ከተመለሰለት በኋላ።

ሲቨርስ ሱቁን ሲጀምር፣ አንድ ሙዚቀኛ ከአከፋፋዩ ምን ይመኛል ብሎ አራት ነገር ጽፎ ነበር። በየሳምንቱ ይከፈለኝ። ሥራዬን የገዛውን ሰው ስምና አድራሻ አሳውቁኝ። ብዙ አልተሸጥክም ብላችሁ አታባርሩኝ። ገንዘብ ያለው ከፍሎ ከፊቴ አይደርደር። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያደንቁት የሳምንት ክፍያውን ነው። እኔ ግን የማልለቀው ሁለተኛውን ነው፤ የዛሬው ንግግሬም ሥሩ እሱ ነው።

ነጋዴ ደንበኛውን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም። አሳታሚ ስንት እንደ ሸጠ ሊነግራችሁ ይችላል፣ ለማን እንደ ሸጠ ግን አይነግራችሁም። አሁን እንበልና አንዲት ክራር ተጫዋች 300 ሲዲ ሸጠች። ቁጥሩ ብቻ ከተነገራት በእጇ ያለው 300 የሚል አኃዝ ነው። ዝርዝሩ ከተሰጣት ግን 60ው ገዢ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ፣ 25ቱ በሚኒያፖሊስ፣ 11ዱ በስቶክሆልም መሆናቸውን ታያለች። ቀጣዩን ኮንሰርት የት እንደምታደርግ፣ የስንት ሰው አዳራሽ እንደምትከራይ፣ ሁለተኛው አልበም ሲደርስ ለማን እንደምትጽፍ ታውቃለች። ሲዲ ቤቢ፣ ገዢው ስሜን አትስጡብኝ ካላለ በቀር፣ ይህን ዝርዝር ለሙዚቀኛው ይሰጥ ነበር። ገዢውንም እንደ ሰው ነበር የሚያናግረው። ሲዲው ተልኳል የሚለው ኢሜይል ራሱ ቀልድ ነው፤ ሲዲዎ በሐር ትራስ ላይ ተቀምጦ፣ ሻማ በርቶለት፣ የከተማው ሕዝብ በሰልፍ ሸኝቶት በግል ጄት እየመጣልዎት ነው ይላል። ሰዎች ኢሜይሏን ለጓደኛ እያስተላለፉ ለሱቁ ስንት ማስታወቂያ እንደ ሠሩለት።

ወደ 2003 ልለፍ። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር አፕል የአይቲዩንስን መደብር ከፈተ፤ አንድ ዘፈን በ99 ሳንቲም። ብዙ ሳይቆይ ትንንሽ አሳታሚዎችንና ሲቨርስን የመሳሰሉ ሰዎችን ኩፐርቲኖ ወደሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤቱ ጠራ። ስቲቭ ጆብስ ራሱ ወጥቶ ሙዚቃችሁን በሙሉ እንፈልጋለን አላቸው። ሲቨርስ ለደንበኞቹ የምሥራች አስተላለፈ። አንዴ 40 ዶላር ክፈሉ፣ አልበማችሁን ወደ ዲጂታል ቀይሬ አይቲዩንስ ላይ አወጣላችኋለሁ፣ ከሽያጩ 9 በመቶ ብቻ እይዛለሁ አለ። አምስት ሺህ ሙዚቀኛ ከፈለ፤ 200,000 ዶላር ማለት ነው። የአፕል ውል ግን አልመጣም። ወር አለፈ፣ ሌላም ወር አለፈ። በጥቅምት ጆብስ በዓለም ዙሪያ በተላለፈ ንግግሩ፣ እናንተም እኔም 40 ዶላር ከፍለን ዘፈናችንን የምናስገባባቸው መደብሮች አሉ፣ እኛ ግን እንዲህ ያለውን አንፈልግም የሚል ነገር ተናገረ። አርባ ዶላር የሚያስከፍለው ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ሲቨርስ በማግስቱ ለሁሉም ገንዘባቸውን መለሰ። ከዚያ ምን ሆነ? የአፕል ውል ተፈርሞ መጣ።

ይህን ታሪክ በዝርዝር ያነሳሁት በሩ ላይ ስለ ተቀመጠው ዘበኛ ነው። ኢንተርኔት ደላላን አጠፋ ሲባል ትሰማላችሁ፤ አላጠፋም። ዘበኛው ተቀይሯል፣ አስተያየቱም እንደ ጠዋቱ ላይሆን ይችላል። ከአይቲዩንስ መምጣት ጋር ሌላ ነገርም ተለወጠ። ገዢው የአፕል ደንበኛ ሆነ። ሙዚቀኛው በየወሩ የሚደርሰው ይህን ያህል ዘፈን በዚህ አገር ተሸጠ የሚል ሰንጠረዥ ነው፤ ስምም አድራሻም የለም። ሰው እያገኘ ሰው አጣ።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ካለ አብሮኝ ይቁጠር። በአይቲዩንስ በ99 ሳንቲም ከተሸጠው ዘፈን አፕል 30 በመቶ ገደማ ይይዛል፣ 70 ሳንቲም ያህል ይቀራል። በሲዲ ቤቢ በኩል የገባ ሰው ከዚያ ላይ 9 በመቶ ይቀነስበትና 64 ሳንቲም እጁ ይገባል። ይህ የሽያጭ ገንዘብ ነው፤ አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ አለቀ። የስትሪሚንግ ማዳመጫ የሚባሉት፣ እንደ ስፖቲፋይ ያሉት ግን ዘፈን አይሸጡም፤ መደመጥን ያከራያሉ። በአንድ መደመጥ የተቆረጠ ዋጋ የላቸውም፤ እንደ አገሩና እንደ ወሩ ይለያያል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግን ከአንድ ሳንቲም ሲሶ እስከ ግማሽ ሳንቲም ያለው ነው፤ በሲሶ ሳንቲም ትንሽ ከፍ አድርገን እንያዘው። በዚህ ስሌት 64ቱን ሳንቲም ለማግኘት ዘፈኑ 180 ጊዜ ያህል መደመጥ አለበት።

ለምን እንዲህ አነሰ? ብዙ ሰው ኩባንያው ስስታም ስለ ሆነ ይመስለዋል። ስስቱን አላውቅለትም፤ አከፋፈሉን ግን አውቃለሁ። ስፖቲፋይ ከገቢው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ለባለመብቶች ይከፍላል። ገንዘቡ ግን አንድ ትሪ ላይ ነው የሚቀርበው፤ ትሪውን የከበበው የዓለም ዘፋኝ ሁሉ ነው፣ እያንዳንዱም የሚቆርሰው በጠቅላላው መደመጥ ውስጥ ባለው ድርሻ ልክ ነው። እናንተ በወር 10 ዶላር ከፍላችሁ ወሩን ሙሉ አንድ የበገና ደርዳሪ ብቻ ብታዳምጡ፣ ገንዘባችሁ ለእሱ አይሄድም፤ ትሪው ላይ ይጨመራል፣ አብዛኛውም ስማቸውን ሰምታችሁ ለማታውቁት ለነዚያ ታላላቅ እጆች ይደርሳል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ሺህ ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን በስፖቲፋይ የቅጂ ክፍያ ጨርሶ አይቆጠርለትም። ለብቻው ሲታይ ሦስትና አራት ዶላር ነው፤ አሥር ዘፈን ላለው ጀማሪ ግን የላም አለኝ በሰማይ ነገር ነው።

ስትሪሚንግን ተዉት አልልም። ሰው ዘፈናችሁን የሚያገኘው እዚያ ነው፤ እዚያ የሌለ ዘፈን ለወጣቱ እንዳልተሠራ ነው። መግቢያውም ዛሬ ቀላል ሆኗል። እንደ ዲስትሮኪድ ያሉ አከፋፋዮች በዓመት የተወሰነ ክፍያ ተቀብለው ገቢውን ሙሉ ለሙሉ ለባለቤቱ ይተዋሉ፤ ሲዲ ቤቢ በበኩሉ በዓመት ሳያስከፍል 9 በመቶውን መያዙን ቀጥሏል። የዓመቱ ክፍያ ሲቋረጥ ዘፈኑ ከመደብሮቹ ሊወርድ እንደሚችል ግን አስቡበት። ባለቤቱ ታሞ ቢተኛ ወይም ቢሞት ማን ይከፍላል? ይህ ተስፋ ለማስቆረጥ የተነሳ ጥያቄ አይደለም፣ ቤተሰብ ሰብስቦ የሚነገር ጉዳይ ነው።

የገንዘቡን ሌላ በር ያሳየው ባንድካምፕ ነው። በ2008 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢታን ዳይመንድና ሦስት ባልደረቦቹ የከፈቱት ሱቅ ነው። ሙዚቀኛው የራሱን ገጽ ይከፍታል፣ ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል፣ ከፈለገ ዝቅተኛውን ብቻ ወስኖ ገዢው የፈለገውን እንዲጨምር ይተወዋል። የሚገርመው፣ ብዙ ገዢ ይጨምራል። ሱቁ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ ከሸክላ፣ ከሲዲና ከቲሸርት ደግሞ 10 በመቶ ይይዛል። በ10 ዶላር የተሸጠ አልበም ላይ የሱቁ ድርሻ 1 ዶላር ከ50 ነው፤ የካርድ ክፍያው ማስተላለፊያ ደግሞ ሌላ 50፣ 60 ሳንቲም ይወስዳል። ወደ 8 ዶላር ይቀራል። ቅድም በያዝነው ሲሶ ሳንቲም ብንመነዝረው፣ አንድ ሰው አልበሙን አንዴ ሲገዛ ከ2,000 ጊዜ በላይ የመደመጥ ያህል ከፈለ ማለት ነው። ሃምሳ ጓደኛ ያለው ሰው ሃምሳ አልበም መሸጥ ይችላል፤ መቶ ሺህ መደመጥ ግን በጓደኛ አይመጣም።

ባንድካምፕ የሲቨርስን ሁለተኛ ምኞት አልረሳም። ገዢው ከፈቀደ ኢሜይሉ ለሙዚቀኛው ይደርሰዋል። ኮሮና አዳራሹን ሁሉ በዘጋበት ሰሞን፣ መጋቢት 20 ቀን 2020፣ ሱቁ የዚያን ዕለት ድርሻዬን አልወስድም ብሎ አወጀ። በአንድ ቀን 4.3 ሚሊዮን ዶላር ሙዚቃ ተሸጠ። ያንን ቀን የተጠቀሙበት ግን አድራሻ ያላቸው ናቸው፤ ጠዋት ኢሜይል ጽፈው «ዛሬ ግዙን» ያሉት። አድራሻ ያልሰበሰበ ሰው ቀኑ ማለፉን የሰማው ካለፈ በኋላ ነው።

እንዲህ አሞግሼው ሳበቃ ሱቁን እመኑት እያለ ነው እንዳትሉኝ። ባንድካምፕ በ2022 ኤፒክ ጌምስ ለሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ ተሸጠ፤ በዓመት ከመንፈቁ ሶንግትሬደር ለሚባል ሌላ ኩባንያ ተላለፈ፣ በዚያው ሰሞንም ከሠራተኛው ግማሹ ከሥራ ተሰናበተ። ሲዲ ቤቢም በ2008 በ22 ሚሊዮን ዶላር ተሽጦ፣ በመጋቢት 2020 የችርቻሮ ሱቁን ዘግቶ የቀረው አከፋፋይነቱ ብቻ ነው። ማይስፔስ የሚባለውን የምታስታውሱ አላችሁ? የስንቱ ሙዚቀኛ ቤት ነበር። በ2019 መረጃ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ስናዛውር ጠፋብን ብሎ አሳወቀ፤ ከ2003 እስከ 2015 የተጫነ ሙዚቃ እንዳለ ሄደ። ሌላ ቅጂ ያልነበረው ባንድ የራሱን ዘፈን የሚያገኘው ምናልባት የድሮ አድናቂ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሱቅ የሰው ነው። ማስተሩና የገዢዎች ዝርዝር ግን የእናንተ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ከተቻለም በሁለት ቦታ፣ መቀመጥ አለባቸው።

ስለ ማስተር ካነሳሁ ጋሽ ኃይሉ መርጊያን ሳልጠራ አላልፍም። ደብረ ብርሃን የተወለዱ፣ በዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋችነታቸው አዲስ አበባ ያወቃቸው ሰው ናቸው። በ1981 ባንዱ ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን፣ አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር እየደራረቡ አንድ ካሴት ሠሩ፤ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ፣ ተደመጠ፣ ተረሳ። እሳቸው ታክሲ መንዳት ጀመሩ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እየጠበቁ ኪቦርዳቸውን ከሻንጣ ማስቀመጫው ያወጡና ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይለማመዳሉ። ተሳፋሪ ሲመጣ ኪቦርዱ ተመልሶ ይገባል።

ካሴቱን ባሕር ዳር ካለ አንድ ካሴት ቤት ያገኘው ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው። «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚል ስም የአፍሪካ ካሴቶችን በኢንተርኔት ያሰማ ነበር፤ በኋላ በዚያው ስም አሳታሚ ሆነ። ጋሽ ኃይሉን አፈላልጎ ስልክ ደወለላቸው። ካሴቱ በ2013 በሸክላ፣ በሲዲና በዲጂታል ወጣ፤ የአሳታሚው ደንብ ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል መካፈል ነው። በየአገሩ መድረክ ተከተለ፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የሚሉ አዳዲስ አልበሞች መጡ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚወስደው ዕድልን ነው። ዕድሉ አይካድም። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሃያ ስምንት ዓመት ቆይቶ የተደወለው ስልክ የተደወለው ለእሳቸው መሆኑ ነው። የሚፈርሙት ነገር በእጃቸው ነበር። ማስተሩን በቁርጥ የሸጠ ሰው ስልኩ ቢጠራም «ሙዚቃ ቤቱን ጠይቁ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ደግሞም ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ጋሽ ኃይሉ መቶ በመቶውን አልያዙም፣ ግማሹን ሰጥተዋል። አሳታሚ አያስፈልግም የሚሉ ወጣቶች አሉ። ሸክላ ማሳተም፣ ጋዜጠኛ ማግኘት፣ ጃፓን ድረስ ዕቃ መላክ የሚችል ሰው ድርሻው ይገባዋል። ጥያቄው ድርሻ ይሁን ወይስ ጠቅላላ ሽያጭ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር። እዚህ አገር ሆኖ ሙዚቃ በኢንተርኔት መሸጥ ሁለት እንቅፋት አለበት፤ ገዢው መክፈያ የለውም፣ ሻጩ መቀበያ የለውም። የመጀመሪያውን ለመፍታት ከሞከሩት አንዱ ዐውታር ነው። ነፍሱን ይማረውና ኤልያስ መልካ፣ ከጆኒ ራጋ፣ ከኃይሌ ሩትስና ከዳዊት ንጉሡ ጋር ሆኖ ያቋቋመው የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ነው። አድማጩ ክሬዲት ካርድ ሳይጠየቅ በስልኩ ሒሳብ እንዲገዛ ነበር የታሰበው። ሲቨርስ ሦስት ወር የተንገላታበትን ጉዳይ እነዚህ ሙዚቀኞች ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ ተጋፈጡት። ዛሬ በቴሌብር አትክልት የሚገዛ ሕዝብ ዘፈን የማይገዛበት ምክንያት አይታየኝም፤ ልማድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል። የውጭ ሱቆች የሚከፍሉት ብዙውን ጊዜ በፔይፓል ነው፤ ከዚህ ሆኖ በእሱ ገንዘብ መቀበል ግን እንዲህ በቀላሉ አይሆንም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ዘመድ ስም ያስመዘግባል። የአክስት ልጅ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሱቁ የሚያውቀው ባለሒሳብ እሱን ነው፤ የዓመቱ ግብር በእሱ ስም ይመጣል፣ ቢጣላችሁ ወይም ቢሞት አልበማችሁ የእሱ ንብረት መስሎ ይቀራል። ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ፣ ግብሩን ማን እንደሚከፍል፣ ሒሳቡ መቼ እንደሚላክ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ዘመድ ስለ ሆነ አያስፈልግም ይባላል፤ የሚያስፈልገውማ ዘመድ ስለ ሆነ ነው።

ሌላው ስም ነው። ጸጋዬ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል በአራት መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ የእኛ ሰው በአራቱም ይጽፈዋል። መደብሮቹ ሰው አያውቁም፣ ፊደል ነው የሚያውቁት። አንዱ አልበም በአንድ አጻጻፍ፣ ሌላው በሌላ ሲገባ ሁለት ዘፋኞች ይፈጠራሉ፤ አድማጩ ይከፋፈላል፣ ሒሳቡም ይበታተናል። እያንዳንዱ ቅጂ አይኤስአርሲ የሚባል አሥራ ሁለት ሆሄና ቁጥር ያለው መለያ አለው። ያንን ቁጥር መዝግቦ የያዘ ሰው፣ አከፋፋይ ሲቀይር መለያውን ይዞ ይሄዳል፤ ያልያዘ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ግጥምና ዜማ የሚሠሩትን ደግሞ አትርሷቸው። እስካሁን ያወራሁት ስለ ቅጂው ገንዘብ ነው፤ የግጥሙና የዜማው ገንዘብ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። አከፋፋያችሁ ብዙ ጊዜ ያንን አይሰበስብላችሁም። በአሜሪካ ከጥር 2021 ጀምሮ ከስትሪሚንግ የሚመጣውን የደራሲ ድርሻ የሚሰበስብ ድርጅት በሕግ ተቋቁሟል። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ ባለቤቱ ያልታወቀ የቀድሞ ክፍያ ተብሎ ከኩባንያዎቹ የተረከበው 424 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ ውስጥ የአማርኛ ግጥም ደራሲ ሳንቲም የለበትም ብዬ አልምልም። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. እና ማሻሻያው 872/2007 ዓ.ም. የደራሲን፣ የከዋኝንና የፕሮዲውሰርን መብት ለያይተው አስቀምጠዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ግጥሙ በሺህ ብር፣ ዜማው በምርቃት ተይዞ ያልቃል፤ ድርሻው በመቶኛ ተጽፎ አይፈረምም። ዘፈኑ ሲሳካ ጭቅጭቁ የሚነሳው ለዚህ ነው፤ ካልተሳካማ ማን ይጣላል?

በመጨረሻ አንድ ቅጽ ላሳያችሁና ወደ ጥያቄያችሁ እንሂድ። ደብሊው ኤይት ቤን ይባላል፤ የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ቅጽ ነው፣ አሜሪካዊ ያልሆነ ሰው ከዚያ አገር ገቢ ሲያገኝ የሚሞላው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት፣ ከአሜሪካ አድማጭ ከሚመጣው የሮያሊቲ ገቢ 30 በመቶው ተቀንሶ ነው የሚደርሳችሁ። ቅጹን ሞልቶ አለመላክ ደግሞ የባሰ ነው። ዩቲዩብ በ2021 ለሁሉም ባለቻናል እንዳስታወቀው፣ የግብር መረጃውን ያልሰጠ ሰው ከአሜሪካ አድማጭ ብቻ ሳይሆን ከዓለም ሁሉ ካገኘው ገቢው ላይ እስከ 24 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል፤ አዲስ አበባና ጅዳ ያለው አድማጭ ያመጣው ገንዘብ ሳይቀር ማለት ነው። ቅጹ አንድ ገጽ ነው። ስማችሁን በፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ሙሉት፣ በሸክላችሁ ላይ እንዳለው አይደለም። ከፊት ረድፍ እጇን ያወጣችው እህት ትጀምር።